በኮንዲሽናል ፎርማቲንግ ውስጥ የሴል አድራሻ አጻጻፍ፦ የዶላር ምልክቱ የት ይግባ?

የሱቅ ወይም የመጋዘን ዕቃ በኤክሴል የሚመዘግብ ሰው ኮንዲሽናል ፎርማቲንግን (ሴሎች በምንሰጠው ደንብ መሠረት ራሳቸው ቀለም እንዲይዙ የሚያደርገውን መሣሪያ) ብዙውን ጊዜ የሚጀምረው «ከ10 በታች የሆነውን ቀይ አድርግ» በሚል ደንብ ነው። ችግሩ ቶሎ ይመጣል። ዘይት 10 ጀሪካን ቀርቶ ሳለ ገና ለሳምንታት ይበቃል፤ ክብሪት 10 ፓኮ ሲቀር ግን ከነገ ወዲያ አያልፍም። ሁለቱም በአንድ ቁጥር ከተለኩ ቀለሙ ወይ ያለምክንያት ያስደነግጣል ወይ ማስጠንቀቅ ሲገባው ዝም ይላል። መፍትሔው ቁጥሩን ደንቡ ውስጥ መቅበር ትቶ ሴል ላይ መጻፍ፣ ደንቡም ያንን ሴል እያየ እንዲፈርድ ማድረግ ነው። ለዚህ የሴል አድራሻ ያስፈልጋል፤ አድራሻው በትክክል የሚሠራው ደግሞ የዶላር ምልክቱ በቦታው ሲገባ ነው።

አንድ ነገር አስቀድመን እንግባባ። የዓምዶቹን ፊደላትና የፈንክሽኖቹን ስም እዚህ የጻፍነው በአነባበባቸው ነው፦ ኤ፣ ቢ፣ ሲ፣ ዲ፣ ኢ እያለ ይቀጥላል። ኮምፒውተሩ ላይ ግን ቀመሩ በእንግሊዝኛ ፊደል ነው የሚገባው። ስለዚህ የአማርኛ ኪቦርድ ከፍታችሁ ከሆነ ቀመር ከመጻፋችሁ በፊት ወደ እንግሊዝኛ መልሱት። በተለይ ነጠላ ሰረዙ ያሳስታል፤ «፣» ከገባ ኤክሴል ቀመሩን አይቀበለውም።

ሠንጠረዡን ማዘጋጀት

ረድፍ 1 ላይ ርዕሶቹን አስፍሩ፦ ኤ1 የዕቃ ስም፣ ቢ1 መለኪያ፣ ሲ1 ያለው መጠን፣ ዲ1 ዝቅተኛ መጠን፣ ኢ1 የሚያበቃበት ቀን። ዕቃዎቹ ከረድፍ 2 እስከ 200 ይሁኑ። ኤች1 ላይ 60 ብላችሁ ጻፉ፤ ይህ «ሊያበቃ 60 ቀን ሲቀረው አስጠንቅቀኝ» ለሚለው ደንብ የሚያገለግል ቁጥር ነው፣ ቆይተን እንመለስበታለን።

መለኪያውን ከመጠኑ የለየነው በምክንያት ነው። ሲ ዓምድ ውስጥ «12 ካርቶን» ተብሎ ከተጻፈ ኤክሴል ሴሉን እንደ ቁጥር ሳይሆን እንደ ጽሑፍ ይይዘዋል። ጽሑፍና ቁጥር ሲነጻጸሩ ደግሞ ኤክሴል ሁልጊዜ ጽሑፉን ይበልጣል ብሎ ይወስደዋል። ስለዚህ «2 ካርቶን» ከ15 ይበልጣል ማለት ነው፤ ዕቃው አልቆም ቢሆን ቀይ አይሆንም። ሲ ላይ ቁጥር ብቻ፣ ቢ ላይ ካርቶን ወይም ኪሎ።

የመጀመሪያው ደንብ፦ መጠኑ ከዝቅተኛው ሲወርድ ሙሉ ረድፉን መቀባት

1. ኤ2ን ጠቅ አድርጋችሁ እስከ ኢ200 ጎትቱ። ከላይ ወደ ታች እንጂ ከታች ወደ ላይ አትጎትቱ። ስትጨርሱ ከቀመር መጻፊያው በስተግራ ያለችው ትንሽ ሳጥን ኤ2 ማለቷን አረጋግጡ።
2. ሆም ከሚለው ትር ላይ ኮንዲሽናል ፎርማቲንግ፣ ከዚያ ኒው ሩል።
3. ከዝርዝሩ የመጨረሻውን፣ «ዩዝ ኤ ፎርሙላ ቱ ዲተርሚን ዊች ሴልስ ቱ ፎርማት» የሚለውን ምረጡ።
4. በሳጥኑ ውስጥ ይህን ጻፉ፦ =$ሲ2<$ዲ2
5. ፎርማት የሚለውን ተጭናችሁ ፊል ከሚለው ትር ቀለም ምረጡ። ፈዛዛ ቀይ ይሻላል፤ ደማቁ ላይ ጽሑፉ አይነበብም።
6. ኦኬ፣ እንደገና ኦኬ።

አራተኛው ላይ ብዙ ሰው ይሰናከላል። ሳጥኑ ውስጥ ሆናችሁ ሲ2ን በማውስ ጠቅ ብታደርጉ ኤክሴል $ሲ$2 ብሎ ያስገባላችኋል፣ ማለትም ሁለት ዶላር ይጨምራል። ያኔ ከኪቦርዱ አናት ያለውን የኤፍ 4 ቁልፍ ሁለቴ ተጫኑ፤ መጀመሪያ ሲ$2 ቀጥሎ $ሲ2 ይሆናል። ሦስተኛ ከተጫናችሁ ዶላሩ ጨርሶ ይጠፋል። ሌላው የሚያናድደው ነገር፣ ቀመሩን ለማረም የቀስት ቁልፍ ስትጫኑ ጠቋሚው በመንቀሳቀስ ፈንታ የሌላ ሴል አድራሻ መሀል ላይ መሰንቀሩ ነው። አስቀድማችሁ የኤፍ 2 ቁልፍን ብትጫኑ ቀስቶቹ እንደ ልማዳቸው ይሠራሉ።

ዶላሩ ምን እያደረገ ነው?

ቀመሩን የጻፋችሁት ለአንድ ሴል ብቻ ነው፣ ለኤ2። ኤክሴል ለቀሩት ሴሎች የሚያደርገው፣ ቀመሩን ከኤ2 ላይ ኮፒ አድርጎ ወደ ቀኝና ወደ ታች እንደ መሙላት ያለ ሥራ ነው። ዶላር ከፊቱ ያለው ነገር አይንቀሳቀስም፤ የሌለው ከሴሉ ጋር አብሮ ይሄዳል። በ$ሲ2 ውስጥ ዶላሩ ያለው ከፊደሉ ፊት ስለሆነ ዓምዱ ተቸንክሯል፣ ረድፉ ግን ነፃ ነው። ስለዚህ ኤ7፣ ቢ7፣ ኢ7 ሁሉም ሲ7ን ከዲ7 ጋር አነጻጽረው አንድ ዓይነት ፍርድ ያገኛሉ። ረድፉ ሙሉ በሙሉ የሚቀላው ለዚህ ነው።

ሁለቱም ላይ ዶላር ቢገባ፣ ማለትም =$ሲ$2<$ዲ$2 ቢባል፣ 199ኙም ረድፎች የመጀመሪያውን ዕቃ ብቻ ያያሉ። እሱ ካነሰ ሠንጠረዡ ከላይ እስከ ታች ይቀላል፤ ካላነሰ አንድም ሴል አይቀባም። «ደንቡ ሁሉንም ቀባብኝ» የሚል ሰው ቀመር ውስጥ ብዙውን ጊዜ የሚገኘው ይህ ነው።

ዶላሩ ጨርሶ ከቀረ፣ =ሲ2<ዲ2 ከሆነ፣ ውጤቱ የበለጠ ግራ ያጋባል። ዓምድ ኤ በትክክል ይቀባል። ዓምድ ቢ ላይ ግን ቀመሩ አንድ እርምጃ ወደ ቀኝ ሄዶ ዲ2<ኢ2 ይሆናል፤ ዝቅተኛውን መጠን ከቀኑ ጋር ያነጻጽራል ማለት ነው። ኤክሴል ቀንን የሚይዘው በተራ ቁጥር ነው፤ ለምሳሌ በፈረንጆች ጃንዋሪ 1 ቀን 2026 ለእሱ 46023 ነው። 15 ከ46023 ስለሚያንስ ቀን የተጻፈበት የዓምድ ቢ ሴል በሙሉ ይቀላል። ዓምድ ሲ ደግሞ ቀኑን ከባዶው ኤፍ ዓምድ ጋር ስለሚያነጻጽር ምንም አይቀባም። አንድ ዓምድ ልክ፣ ጎኑ ያለው ሙሉ ቀይ፣ ቀጣዩ ነጭ ሆኖ ካያችሁ ሌላ ምክንያት አትፈልጉ፤ ከፊደሉ ፊት ያለው ዶላር ቀርቷል።

ከታች ወደ ላይ አትጎትቱ ያልነውም ከዚሁ ጋር ይያያዛል። ኤክሴል ቀመሩን የሚተረጉመው ምርጫውን ከጀመራችሁበት ሴል አንጻር ነው። ከኢ200 ጀምራችሁ ወደ ኤ2 ጎትታችሁ =$ሲ2<$ዲ2 ብትጽፉ፣ «ከእኔ 198 ረድፍ ወደ ላይ ያለውን እይ» ብላችኋል። ለረድፍ 2 ከዚያ በላይ ቦታ ስለሌለ ቆጠራው ከገጹ ታች ዞሮ ይገባና ቀመሩ $ሲ1048380 የሚባል አድራሻ ይይዛል። በደንቦቹ ዝርዝር ውስጥ ከሚሊዮን የሚበልጥ የረድፍ ቁጥር ካያችሁ ደንቡን ሰርዛችሁ ከኤ2 ጀምራችሁ እንደገና ሥሩ። ማረም ከመሰረዝ ይረዝማል።

ከመቀባት በፊት መፈተን

የደንብ ሳጥን ቀመሩ ለምን እንዳልሠራ አይነግርም። ቀመሩ ስሕተት ቢያወጣ እንኳ ኤክሴል «ሁኔታው አልተሟላም» ብሎ ዝም ይላል። ስለዚህ ቀመሩን መጀመሪያ ተራ ሴል ላይ መሞከር ትልቅ ጊዜ ያተርፋል። ኬ2 ላይ =$ሲ2<$ዲ2 ብላችሁ ጻፉ፤ ወደ ቀኝ እስከ ኦ2፣ ከዚያ ወደ ታች ሙሉት። አምስቱ ዓምዶች ኤ፣ ቢ፣ ሲ፣ ዲ፣ ኢን ይወክላሉ። ትሩ (ሁኔታው ተሟልቷል) ያለበት ሴል ይቀባል፣ ፎልስ (አልተሟላም) ያለበት አይቀባም፣ ስሕተት ያሳየው ደግሞ ምን እንደጎደለው በግልጽ ይታያል። ልክ ሲሆን የኬ2ን ቀመር ኮፒ አድርጋችሁ ሳጥኑ ውስጥ ለጥፉ፣ የሙከራ ዓምዶቹንም አጥፉ። ማንኛውም ደንብ እምቢ ሲላችሁ በመጀመሪያ ይህን ሞክሩ።

ባዶ ሴሎች

በንጽጽር ውስጥ ባዶ ሴል እንደ 0 ይቆጠራል። ያልተቆጠረ ዕቃ፣ ሲ ባዶ ሆኖ ዲ 15 ከሆነ፣ ይቀላል። በተቃራኒው ዲ ካልተሞላ ምንም መጠን ከ0 ስለማያንስ ዕቃው ቢያልቅም ደንቡ ዝም ይላል፤ ሁለተኛው ከመጀመሪያው ይብሳል፣ ምክንያቱም የሚታይ ምልክት የለውም። ስለዚህ ቀመሩን በኤንድ፣ ማለትም የተዘረዘሩት ሁኔታዎች ሁሉ ሲሟሉ ብቻ ትሩ በሚለው ፈንክሽን፣ እንዲህ አጥብቁት (የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ሁኔታዎች «ሴሉ ባዶ አይደለም» ማለት ናቸው)፦

=ኤንድ($ሲ2<>"",$ዲ2<>"",$ሲ2<$ዲ2)

ከዚያ ለጎደለ መረጃ ሌላ ደንብ በግራጫ ቀለም ጨምሩ፦

=ኤንድ($ኤ2<>"",$ሲ2="")

ለዲም እንዲሁ። ያልተቆጠረና ያለቀ ዕቃ በአንድ ቀለም መታየት የለባቸውም፤ አንደኛው መጋዘን ገብቶ መቁጠር፣ ሌላው መግዛት ነው የሚያስፈልገው። ጽሑፍ ሆነው የገቡ ቁጥሮችን ለማደን ደግሞ =ኢዝቴክስት($ሲ2) በቢጫ በቂ ነው። ከዌብ ገጽ ኮፒ የተደረጉ ቁጥሮች ዓይን የማያየው ክፍተት ይዘው ስለሚመጡ በዚህ ደንብ ይያዛሉ።

ቋሚ ሴል፦ ቀኑ ሊያበቃ ሲል

አሁን ኤች1 ላይ ወዳስቀመጥነው 60 እንመለስ። እዚህ ሁሉም ረድፍ የሚያየው አንድ ሴል ስለሆነ ሁለቱም ዶላሮች ይገባሉ፦

=ኤንድ($ኢ2<>"",$ኢ2-ቱደይ()<=$ኤች$1)

ኤች1ን ወደ 90 ስትቀይሩ ደንቡን ሳትነኩ ቀለሙ ወዲያው ይቀየራል። ቀኑ ያለፈበት ዕቃም በዚሁ ውስጥ ስለሚገባ ለእሱ የራሱ ደንብ ስጡት፦ =ኤንድ($ኢ2<>"",$ኢ2<ቱደይ())። ሁለቱ የተለያየ ቀለም ከያዙ በማኔጅ ሩልስ ዝርዝር ውስጥ «ያለፈበት» ከላይ መሆን አለበት። በአንድ ሴል ላይ ሁለት ደንቦች ቀለም ሲሻሙ የላይኛው ያሸንፋል። ቅደም ተከተሉ በቀስቶቹ ይስተካከላል።

እዚህ ላይ ለኢትዮጵያ ፋይሎች ትልቁ አደጋ የዘመን አቆጣጠሩ ነው። ቱደይ፣ የዛሬን ቀን የሚያመጣው ፈንክሽን፣ የሚሰጠው የፈረንጆቹን ቀን ነው። ኢ ዓምድ ላይ ኅዳር 15 ቀን 2018ን 15/03/2018 ብላችሁ ብትጽፉ፣ ቀን አስቀድሞ በሚያነብ ኮምፒውተር ላይ ይህ ማርች 15 ቀን 2018 እ.ኤ.አ. ይሆናል፤ ዕቃው ከዓመታት በፊት እንዳለፈበት ተቆጥሮ ይቀላል። ወር አስቀድሞ በሚያነብ ኮምፒውተር ላይ ደግሞ 15ኛ ወር ስለሌለ ሴሉ ጽሑፍ ሆኖ ይቀርና አንዱም ደንብ አያገኘውም። ጥቅምት 30 ብላችሁ 30/02 ስትጽፉም እንዲሁ ነው፣ ፌብሩዋሪ 30 የለውምና። ጳጉሜን 5 ቀን 2018፣ 5/13/2018 ተብሎ ሲጻፍ፣ አንዱ ኮምፒውተር ሜይ 13 ያደርገዋል፣ ሌላው ጽሑፍ ብሎ ይተወዋል። በአንድ ዓምድ ውስጥ ከፊሉ ቀን ከፊሉ ጽሑፍ ሆኖ ሲገኝ መንስኤው ብዙውን ጊዜ ይህ ነው።

ስለዚህ ደንቡ የሚያየው ዓምድ በፈረንጆች አቆጣጠር ይሁን። የአገራችንን ቀን ለማንበብ ከፈለጋችሁ ጎኑ ሌላ ዓምድ ጨምራችሁ «ኅዳር 15/2018» ብላችሁ በጽሑፍ አስፍሩ፤ ደንቡ ግን እሱን አይንካው። ለገቢ ምግብና መድኃኒት ይህ አይከብድም፣ እሽጉ ላይ የታተመው ራሱ በፈረንጆች ነው። ወርና ዓመት ብቻ ታትሞ 08/2026 ብላችሁ ካስገባችሁ ግን ኤክሴል የወሩን 1ኛ ቀን እንደሚይዝ እወቁ፤ የምትፈልጉት የወሩ መጨረሻ ከሆነ ቀኑን ሙሉ ጻፉት።

ረድፉ የሚቸነከርበት ጊዜ፦ የተማሪ ውጤት

ሦስተኛው ዓይነት አድራሻ የሚመቸው ገደቡ ከላይ በረድፍ ሲደረደር ነው። ረድፍ 1 ላይ የትምህርቶቹ ስም፣ ረድፍ 2 ላይ የየትምህርቱ ማለፊያ ነጥብ፣ ከረድፍ 4 እስከ 53 ደግሞ 50 ተማሪዎች አሉ እንበል፤ ውጤቱ ከሲ እስከ ጂ ነው። ሲ4፡ጂ53ን ከሲ4 ጀምራችሁ ምረጡና፦

=ኤንድ(ሲ4<>"",ሲ4<ሲ$2)

የተማሪው ሴል ምንም ዶላር የለውም፣ ምክንያቱም እያንዳንዱ ሴል ራሱን ማየት አለበት። ማለፊያው ዶላር ያለው ከቁጥሩ ፊት ብቻ ነው፤ ወደ ታች ሲወርድ ረድፍ 2 ላይ ይቆያል፣ ወደ ቀኝ ሲሄድ ግን ወደ ዲ$2፣ ኢ$2 ይሸጋገራል። $ሲ$2 ብትሉት ሁሉም ትምህርት በመጀመሪያው ትምህርት ማለፊያ ይለካል። ማለፊያዎቹ እኩል ሲሆኑ ይህ ስሕተት አይታይም፤ አንዱ ሲቀየር ነው የሚጋለጠው።

የተደጋገመ ስም

ክልልም ዶላር ያስፈልገዋል። =ካውንትኢፍ($ኤ$2:$ኤ$200,$ኤ2)>1 ሁለቴ የተመዘገበን ዕቃ ያሳያል። ክልሉ አራት ዶላር ካልያዘ ወደ ታች በወረደ ቁጥር ከላይ ያሉትን ረድፎች እየጣለ ይሄዳል፤ የመጨረሻው ድግግሞሽ ሳይቀባ ይቀራል። «የሕፃን ወተት» እና «የህጻን ወተት» ግን ለኮምፒውተሩ የተለያዩ ቃላት ናቸው፣ ደንቡም አያያይዛቸውም። ስለዚህ ለእያንዳንዱ ዕቃ መለያ ኮድ ሰጥቶ በኮዱ ማነጻጸር ይመረጣል።

ገደቡ ሌላ ገጽ ላይ ሲሆን

ከኤክሴል 2010 ጀምሮ በዚያው ፋይል ውስጥ ያለን ሌላ ገጽ በቀጥታ መጥቀስ ይቻላል፦ =$ሲ2<ገደብ!$ቢ$1። የገጹ ስም ክፍተት ካለው በነጠላ ትእምርተ ጥቅስ ይከበብ፦ 'የዕቃ ገደብ'!$ቢ$1። ኤክሴል 2007 ይህን አይቀበልም፤ የሌላ ፋይል አድራሻን ደግሞ የትኛውም እትም አይቀበልም።

ጉግል ሺትስ ሌላ ገጽን በቀጥታ መጥቀስ አይፈቅድም። ኢንዳይሬክት("ገደብ!ቢ1") ማለት ያስፈልጋል፤ ይህ አድራሻ በጥቅስ ውስጥ ያለ ጽሑፍ ስለሆነ የገጹ ስም ሲቀየር አብሮ አይቀየርም፣ ደንቡም ድምፅ ሳያሰማ ይሞታል። በሁለቱም ቦታ የሚሠራና የምንመርጠው መንገድ፣ ኤች2 ላይ =ገደብ!ቢ1 ብሎ ቁጥሩን ወደ ራስ ገጽ ማምጣትና ደንቡ $ኤች$2ን እንዲያይ ማድረግ ነው።

በጉግል ሺትስ የቀረው አሠራር ተመሳሳይ ነው። ፎርማት፣ ኮንዲሽናል ፎርማቲንግ፣ ከሁኔታዎቹ ዝርዝር መጨረሻ «ከስተም ፎርሙላ ኢዝ»። እዚያ ቀመሩ ሁልጊዜ የሚለካው ክልሉ ካለው የላይኛ ግራ ሴል ስለሆነ ከየትም ብትጎትቱ ችግር የለም።

የማይቀበሉ ነገሮች

ሴሉን እንደ ቁጥሩ መጠን በቀለም እርከን፣ በአሞሌ ወይም በትንሽ ምልክት የሚያሳዩት ከለር ስኬል፣ ዳታ ባርና አይከን ሴት ተንቀሳቃሽ አድራሻ አይቀበሉም፤ $ኤች$1 ያለ ቋሚ አድራሻ ብቻ ነው የሚገባው። የየረድፉን ገደብ በአይከን ማሳየት ከፈለጋችሁ ልዩነቱን፣ =ሲ2-ዲ2፣ በአንድ ዓምድ አስልታችሁ አይከኑን እዚያ አድርጉ። ኢንሰርት ቴብል ብላችሁ የሠራችሁት ሠንጠረዥ የዓምድ ስሞችም ደንብ ውስጥ በቀጥታ አይገቡም፤ ተራውን የሴል አድራሻ ጻፉ፣ ሠንጠረዡ ሲያድግ የደንቡ ክልል አብሮ ያድጋል።

ኮፒና ፔስት የሚያበላሸው

ደንቡ ልክ ሆኖ ተሠርቶ ከሁለት ወር በኋላ የሚበላሸው አብዛኛውን ጊዜ በመለጠፍ ነው። ተራ ፔስት ከቁጥሩ ጋር ደንብም ይዞ ይመጣል፤ የነበረው ክልል ይቆራረጣል፣ አንዱ ደንብ ኤ2:ኢ45 እና ኤ47:ኢ200 የሚል ቁርጥራጭ ይሆናል፣ ተመሳሳይ ደንቦችም ይባዛሉ። ሴል ቆርጦ ሌላ ቦታ መለጠፍ ደግሞ ቀመሩ የሚጠቅሰውን አድራሻ ራሱን ሊለውጥ ይችላል። ስለዚህ ዕቃ ስትጨምሩ ኮንትሮል፣ ኦልት እና ቪ ተጭናችሁ ቫልዩስ የሚለውን ምረጡ።

የተበላሸውን ለማጽዳት ማኔጅ ሩልስን ክፈቱ። ከላይ ያለው ምርጫ «ከረንት ሴሌክሽን» ላይ ከሆነ የተመረጠውን ሴል ደንቦች ብቻ ያሳያል፤ ወደ «ዚስ ወርክሺት» ቀይሩት። የተባዙትን ሰርዙ፣ በቀረው ደንብ «አፕላይስ ቱ» ሳጥን ውስጥ =$ኤ$2:$ኢ$200 ብላችሁ ጻፉ። የዚህ ሳጥን ዶላሮች የክልሉን ዳር ብቻ ነው የሚያመለክቱት፤ በቀመሩ ውስጥ ካሉት ጋር አያገናኟቸው።

በጀርመን፣ በስዊድን ወይም በኔዘርላንድስ አቀማመጥ የተስተካከለ ኮምፒውተር የምትጠቀሙ ደግሞ በፈንክሽኖቹ ውስጥ ባለው ነጠላ ሰረዝ ፈንታ ሴሚኮለን (;) አስገቡ፦ =ኤንድ($ሲ2<>"";$ዲ2<>"";$ሲ2<$ዲ2)። አዲስ አበባ የተሠራ ፋይል ስቶክሆልም ሲከፈት ኤክሴል ምልክቱን ራሱ ይለውጠዋል፤ ችግሩ ቀመሩን በእጅ ስትጽፉ ነው። በጉግል ሺትስ ይህ የሚወሰነው ፋይል፣ ሴቲንግስ ውስጥ በተመረጠው ሎኬል (የአገር አቀማመጥ) ነው።